ኩርፊያዬ የጃፓን ስም አለው

ሌላው ሰው ሲያኮርፍ አኮረፈ ይባላል። ወይ ይለምኑታል፣ ወይ ይተዉታል፤ በሦስተኛው ቀን ራሱም ይረሳዋል። እኔ ግን ለኩርፊያዬ ስም አውጥቼለት፣ ጥቁር መነጽር አድርጌለት፣ ሰው ፊት ሳቀርበው «ቁጥብነት ነው» እያልኩ ዓመታት ኖሬያለሁ። ያወጣሁለት ስም ሺኖ ነው። ሺኖ አቡራሜ «ናሩቶ» በተባለው የጃፓን ተከታታይ የካርቱን ፊልም ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቆም፣ የካፖርቱ ኮሌታ አፉን አልፎ አፍንጫው ሥር የደረሰ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ልጅ ነው። ሲጠይቁትም ያን ያህል ነው።

የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። በዶርማችን ላፕቶፕ የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከተማ ወጥቶ ፍላሹን አስሞልቶ ይመለሳል፤ ማታ ስምንት ሆነን በሁለት ተደራራቢ አልጋ ላይ ተጠጋግተን አንዷ ስክሪን ላይ እናፈጣለን። «ናሩቶ» ማሳሺ ኪሺሞቶ በፈረንጆቹ 1999 «ሾነን ጃምፕ» በሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በሥዕል መተረክ የጀመረው ታሪክ ነው። በ2002 ወደ ቴሌቪዥን ወጣ፤ የመጀመሪያው ዙር 220 ክፍል፣ ተከታዩ «ሺፑደን» ደግሞ 500 ክፍል ሆኖ አለቀ። ፈተና ለደረሰበት ተማሪ 720 ክፍል ምን ማለት እንደሆነ ውጤቴ ይናገራል። ታሪኩ ውስጥ አንድ መንደር ሙሉ ኒንጃ ስላለ፣ አንድ ማታ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ተከፋፈልን። ጯሂው ናሩቶን ወሰደ። ሴቶች ይወዱኛል ብሎ የሚያስበው ሳስኬን ያዘ። ካካሺን ሁለት ሰዎች ተጣሉበትና በዕጣ ተለየ። እኔ ልብስ ሳጥብ ቆይቼ የገባሁት መጨረሻ ላይ ነው። ለሰው ሳወራ «ሺኖን ለጥልቀቱ መረጥኩት» እላለሁ። እውነቱ ግን የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። «አንተማ ሺኖ ነህ፤ መኖርህም አይታወቅ» አለኝ አንዱ። ስድብ ነበር። እኔ ግን እንደ ሹመት ተቀበልኩት።

ልጁን ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላውራ። የአቡራሜ ጎሣ ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሰውነታቸውን ለጥቃቅን ነፍሳት ቤት አድርገው ይሰጣሉ። ነፍሳቱ ቻክራ የሚሉትን የውስጥ ኃይላቸውን ይመገባሉ፤ በምላሹ ይዋጉላቸዋል፣ ይሰልሉላቸዋል። እናቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። ይህ ልጅ አፉን ዝም አሰኝቶ፣ በኮሌታም ደርቦ ዘግቶት፣ ዝንቡ ቀድሞ ውስጥ ነው። እሱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አንድ ሠራዊት ቆዳው ሥር ተሰልፎ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ከእኔ ቆዳ ሥር ምን አለ? በቀንና በሰዓት የተመዘገበ ቂም አለ። በ2008 የእንቁጣጣሽ ዕለት ደውሎ እንኳን አደረሰህ ያላለኝ ጓደኛ አለ። መንደሩን ሁሉ ለቡና ጠርታ እኔ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ያለፈችኝ ጎረቤት አለች። «ወፍረሃል» ያለኝ የአክስቴ ልጅ አለ፤ በሌላ ጊዜ «ከስተሃል» ያለኝም እሱው ነው። ሁሉም በሕይወት አሉ፣ ይመገባሉ፣ ይራባሉ። የሺኖ ነፍሳት ጌታቸው ሲያዛቸው ይወጣሉ። የእኔዎቹ የሚወጡት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ባለቤቴን እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ነው።

ከሺኖ ግጥሚያዎች አንዱን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ቹኒን በሚሉት የማዕረግ ፈተና ላይ ዛኩ የሚባል ትዕቢተኛ ገጠመው። ዛኩ መዳፎቹ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው የሚተኩሰው ነፋስ ሰው አንስቶ ይወረውራል። በዚያን ቀን ክንዶቹ ተጎድተው በአንዱ ብቻ ነው የሚዋጋው። ሺኖ ነፍሳቱን ከዛኩ ኋላ አሰልፎ እሱ ፊት ለፊት ቆመ። እኔን ብትመታ ከኋላ ይበሉሃል፣ ወደ እነሱ ብትዞር እኔ አለሁ፣ እጅ ስጥ ነው ነገሩ። ዛኩ ግን ያላሳየው ሁለተኛ እጅ ነበረው። ሁለቱንም ዘርግቶ በኩራት ሊተኩስ ሲል ነፋሱ መውጫ አጥቶ የራሱን ክንዶች አፈነዳ። እሱ ሲፎክር ነፍሳቱ ቀስ ብለው ገብተው ቀዳዳዎቹን ደፍነዋቸው ነበር።

መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ በልቤ የማየው ይህንን ነው። ፊቴን አጠቁራለሁ፣ እጆቼን ኪሴ እከታለሁ። አለቃዬ የዓምናውን ዕቅድ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ሲያነብ አውቃለሁ፤ የትኛው ገጽ ላይ ቀኑን መቀየር እንደረሳም አውቃለሁ። «አስተያየት ያለው?» ይላል። ዝም። «አንተስ?» ይለኛል። ሦስት ሰከንድ እቆይና ድምፄን አወፍሬ «ምንም» እላለሁ። በዚያች ቅጽበት ቤቱ ሁሉ በአድናቆት የሚያየኝ ይመስለኛል፤ ቤቱ ግን ስልኩን እያየ ነው። ከዚያ ለጥበቃው፣ ታክሲ ውስጥ ለራሴ፣ ማታ ለባለቤቴ ገጽ በገጽ ማብራራት እጀምራለሁ። ለአለቃዬ የሚገባው ትክክለኛ መልስ የመጣልኝ በሦስተኛው ቀን፣ ገላዬን ስታጠብ፣ ፊቴ በሳሙና ተሸፍኖ ሳለ ነው። እንዴት ያለ መልስ መሰላችሁ! የሰማው ባልዲው ነው።

እንዲህ ባኮረፍኩ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ ከሰው ጋር አልወርድም፤ መቅረቴ እንዲታወቅ። አንድ የሚያጽናናኝ ነገር ግን አለ፤ ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ ሁልጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ሻይ በማስቀመጫው ተከድኖ አገኛለሁ። ሁለት ስኳር። ቢያንስ የሻይዋ ልጅ ታከብረኛለች እያልኩ እጠጣዋለሁ።

ሺኖ ደግሞ አፉን ሲከፍት የራሱ አነጋገር አለው። አንድ ነገር ይላል፤ ቆም ይላል፤ ምክንያቱን ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። በጃፓንኛው «ናዜናራ» ነው የሚለው። ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ ብዙ አስቤ «ለምን ቢሉ» ከሚለው የተሻለ አላገኘሁም፤ የአንድምታ መምህር አነጋገር። ጢም ያላወጣ ልጅ ዛፍ ሥር ቆሞ እንደ መሪጌታ ያትታል። ይህንንም ቀዳሁት። አንድ ቀን ባለቤቴ «ደግሞ በምን አኮረፍክ?» አለችኝ። «አላኮረፍኩም። ለምን ቢሉ፣ የሚያኮርፍ ሰው የሚጠብቀው ነገር አለ፤ እኔ ከማንም ምንም አልጠብቅም» አልኳት። «እሺ» ብላ ሄዳ ተኛች። እንዲያ በቶሎ እሺ ማለቷ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሺኖን ከልቤ የወደድኩት ግን እሱም አኩራፊ ሆኖ ሳገኘው ነው። ሳስኬ መንደሩን ከድቶ በሄደ ጊዜ ሺካማሩ የሚባለው ጓደኛቸው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሰው ሰብስቦ እንዲከተለው ታዘዘ። አምስት ሆነው ወጡ። ሺኖ ከአባቱ ጋር ሌላ ግዳጅ ላይ ነበርና አልተገኘም። በቦታው የሌለ ሰው እንዴት ይጠራል? እሱ ግን ነገሩ ከሆዱ አልወጣለትም። ያን ሁሉ ጀብዱ ሳይሳተፍበት መቅረቱ ሲቆረቁረው ሳይ እንባ ተናነቀኝ። ወንድሜ፣ አልኩት ስክሪኑን።

ምክንያቱም የቅርብ ጓደኛዬ ሲያገባ ሚዜ አላደረገኝም። የእሱም ሚዜዎች አምስት ነበሩ። ሺኖ ግዳጅ ላይ ነበር፤ እኔ የት ነበርኩ? አልጋዬ ላይ፣ ስልኬን በፊቱ ደፍቼ። ሽማግሌ መላኩን ከሌላ ሰው አፍ በመስማቴ አኩርፌ ነበርና ሲደውል ስልኩ እስኪደክመው ጠራ። «ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ እኮ! ሱፍ ልትለካ ነበር» አለኝ በኋላ። እኔ ደግሞ አራተኛውን እየጠበቅኩ ነበር። ለወዳጅ አራት ጊዜ መደወል ይከብዳል? ብዬ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም አዎ ይከብዳል ብለውኛል።

ሠርጉ ላይ ከሄድኩ አይቀር ብዬ እንደ ሺኖ ሄድኩ። ጥቁር መነጽር አደረግሁ፤ የኮቴን ኮሌታ አቆምኩ። ማታ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጥግ ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» እንዲል ስጠባበቅ አንዲት እናት መጡና «እኔን! ምነው ልጄ ዓይንህን?» ብለው ክንዴን ያዙ። እንደማይ ለመንገር መናገር ያስፈልግ ነበር። ዝምታዬን ላለመስበር ተመራሁ። እስከ ቡፌው አደረሱኝ፤ «ይህቺ ጥብስ ናት፣ ይህ ጎመን ነው፣ ክትፎው ወደ ቀኝህ ነው» እያሉ በሳህኔ አነሱልኝ። ሙሽራው ከሩቅ ሲያየኝ አፉን በእጁ ይዞ ነበር። በቪዲዮው ላይ ከመላው ሠርግ የወጣሁት በዚያች ትዕይንት ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ናሩቶ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ለሥልጠና ከርሞ ወደ መንደሩ ሲመለስ ሺኖን መንገድ ላይ ያገኘዋል። ሺኖ በዚያ ጊዜ በኮሌታው ላይ ኮፍያ ጨምሮ ከፊቱ የሚታየው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ናሩቶ ማን እንደሆነ አላወቀውም። ኪባ የሚባለው ጓደኛቸው ውሻው ላይ ተቀምጦ ብቅ ሲል ግን ወዲያው ለየው! ሺኖ እዚያው በቆመበት አኮረፈ። ጓደኛን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያሳዝን በምክንያት እያስደገፈ አስረዳ።

እኔም በኮሮና ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ያ ላፕቶፕ የነበረው የዶርም ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። ማስክ፣ ኮፍያ፣ መነጽር አድርጌያለሁ። ከፊታችን ከተቀመጠ ሰው ጋር ስለ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ያወራል፤ ስለ ዶርማችን ያወራል፤ የሰባታችንን ስም እየጠራ ሳቀ። ስምንተኛውን ስጠብቅ ወደ እኔ ዞሮ «ወንድም፣ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» አለኝ። ጠጋ አልኩለት። ማስኬን በአንድ ጣት ዝቅ ባደርግ ያልቅ ነበር፤ ተቃቅፈን፣ ሂሳብ ተሽቀዳድመን እንወርድ ነበር። ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩና ፀሐይ ላይ በእግሬ ሄድኩ። ምሽቱን ለስድስት ሰው ደውዬ አንድ ሰው እንዴት እንደረሳኝ ስናገር ካርዴ አለቀ።

በዚያው ፈተና ሰሞን ሺኖ ካንኩሮ የሚባል ባለ አሻንጉሊት ተዋጊ ጫካ ውስጥ ገጥሞ ያሸንፋል፤ ነገር ግን መርዝ ደርሶበታልና እዚያው ይወድቃል። ማንንም አልተጣራም። አባቱ ፈልጎ ደረሰለትና መርዙን በነፍሳቱ መጥጦ አወጣለት። አባትዬውም ቃል የማያበዛ ሰው ነው። የእኔ መርዝ የዶሮ ወጥ ነበር። ለፋሲካ ቤተሰብ ተሰብስቦ እማዬ ፈረሰኛውን ለእህቴ ባል አወጣችለትና ለእኔ ክንፍ ደረሰኝ። የበኩር ልጅ ነኝ እኮ! «ራሴን አሞኛል» ብዬ ጓዳ ገባሁ። በሩን ግን ገርበብ አድርጌ ተውኩት፤ አለመብላቴ እንዳይረሳ። የሳቅና የማንኪያ ድምፅ ይሰማኛል። አኩራፊ ምሳው ራቱ ይሆናል የሚለውን ተረት ማን እንዳመጣው ባውቅ እሱንም እመዘግበው ነበር። ሲመሽ እማዬ ሳህን በሳህን ከድና ገባች። ምንም አላለችም። ስትከፍተው ሌላ ፈረሰኛ አለ፤ ሁለት ዶሮ ነበር የተሠራው። «አልራበኝም» አልኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንቁላሉንም ጨረስኩት።

ይህንን ሁሉ እንደ ነውር ሳላየው እኖር ነበር፤ የእህቴ ልጅ ባያድግ። ልጁ አሁን «ቦሩቶ»ን ነው የሚያየው፤ የናሩቶ ልጅ ታሪክ የሚተረክበትን ተከታይ። እዚያ ሺኖ አድጎ የኒንጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኗል። መነጽሩ አለ፣ ኮሌታው አለ። ተማሪዎቹ ግን ልብ አይሉትም፤ እሱም ለማስተማር እንደማይበቃ እያሰበ በውስጡ ይብሰለሰላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ በእሱ ላይ የብቅሉን ሥራ የሠራው ሰው ውስጥ የሚገባ አንድ ክፉ ጥላ ነው። ጥላው ያን ብስጭት አግኝቶ ተጣበቀበትና ሺኖ በገዛ ተማሪዎቹ ላይ ነፍሳቱን ለቀቀባቸው። የእህቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ አጋጣሚውን ተጠቅሜ ስለ ዝምታ ክብር፣ ስለ ቁጥብ ሰው ጥልቀት፣ እኔና ሺኖ እንዴት አንድ እንደሆንን አስረዳሁት። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ተናግሬ ውኃ ልጠጣ ቆም ስል፣

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ዝምተኛ አይደለህም» አለኝ።

«እንዴት?»

«እዚህ ስትመጣ ሁሌ አንተ ነህ የምታወራው። ደግሞ ሺኖ ሰው ያያል። ሳስኬ ከፈተናው ሜዳ ሲወጣ እንኳን ሴቷን ነፍሳት ቀድሞ ለጥፎበት አይደል? ጠረኗን የሚያሸተው ወንዱ ብቻ ነው። በዚያ ነው ጫካ ውስጥ ተከትሎ የደረሰለት።»

«እኔም አያለሁ» አልኩ።

«እኔ ስንተኛ ክፍል ነኝ?»

«አምስተኛ።»

«ሰባተኛ።»

እህቴ ከወጥ ቤት ስትስቅ ሰማኋት። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ ሕፃን ነው። ቀኑን ብቻ ይዤዋለሁ።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤት መዋጮ የምትሰበስበው ልጅ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ለሽኝት ነው፣ ሁለት ሁለት መቶ ብር።» ማን ነው የሚሸኘው አልኳት። ስሙን ነገረችኝ። «እሱ ደግሞ የትኛው ነው?» አልኩ። አልመለሰችልኝም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየች። ዞር አልኩ። ከኋላዬ ካለው ጠረጴዛ አንድ ሰው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። አራት ዓመት እዚያ ተቀምጧል። ድምፁን አውጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረበትን ስብሰባ ላስታውስ ብሞክር፣ በየስብሰባው የማስታውሰው የራሴን «ምንም» ብቻ ነው። ከድንጋጤዬ የተነሣ ሦስት መቶ ሰጠኋት።

በሽኝቱ ላይ ንግግር አድርግ ሲባል «አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ኬክ ተቆርሶ ሰው መበተን ሲጀምር ወደ እኔ ጠጋ አለና በዝግታ «ለሻይዋ ልጅ ነግሬያታለሁ። አንተ የማትወርድ ቀን ከሰኞ ጀምሮ እሷ ራሷ ታመጣልሃለች። ሁለት ስኳር ብያታለሁ» አለኝ።

የምለው ነገር ነበረኝ። ብዙ ነበር። «እህ» አልኩት። የቀረው በሦስተኛው ቀን ሳሙና ተቀብቼ ሳለ መጣልኝ፤ ባልዲው ይመስክር።

ሰኞ ጠዋት የመዋጮው ዝርዝር ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ከስሜ ፊት 200 ይላል። ለማንም አልተናገርኩም። ሻይ ሰዓት ላይ ግን አልወረድኩም።

ሻዩ መጣ። ሁለት ስኳር ነው።